የጦና ንቦች ይባላሉ፤ ጦናስ ማን ናቸው?

በዴሳ ትልቅ ከተማ አይደለችም። ከወላይታ ሶዶ በስተምሥራቅ፣ ወደ ብላቴ ወንዝ በሚያወርደው አቅጣጫ የምትገኝ የዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ዳጣዋ ያቃጥላል፣ ቁርጧ ስም አለው፣ በገበያ ቀን መንገዷ መተላለፊያ የለውም። ወላይታ ድቻ የሚጫወት ቀን ግን የከተማዋ ወሬ ሁሉ አንድ ይሆናል። ድሮ ጨዋታው ሶዶ ከሆነ በአይሱዙም በሚኒባስም ተጭኖ መሄድ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍና በተመረጡ ከተሞች እየዞረ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ቴሌቪዥን ያለው ሻይ ቤት ሁሉ ካታንጋ ሆኖ አረፈው። ኳስ መረብ ስትነካ ታዲያ የሚጠራው ስም የአጥቂው ብቻ አይደለም። ጦናም ይጠራል።

እኛ አዲስ አበባ ያለን የኳስ ወዳጆችም ስሙን በጆሮ እናውቀዋለን። ጊዮርጊስ ፈረሰኞቹ፣ ቡና ቡናማዎቹ፣ አርባ ምንጭ አዞዎቹ፣ ድቻ ደግሞ የጦና ንቦች። ጋዜጠኛው እንዲህ ስለሚል እኛም እንላለን። ንቡን እንተወውና ጦና ማን ናቸው ብላችሁ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ደጋፊ ብትጠይቁት ግን፣ ወላይታ ካልሆነ በቀር፣ ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ጨዋታው የሚመለሰው ይበዛል። አይፈረድበትም። በትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ በቅጡ ያልተነገረን ሰው ኳስ ሜዳ ላይ ከየት ያውቃል?

ነገሩ ይበልጥ የሚገርመው 2010 ዓ.ም. ሲታወስ ነው። በዚያ ዓመት ሁለት የክልል ክለቦች አገሩን ጉድ አሰኙ። አንደኛው ወላይታ ድቻ ነው። በ2009 የኢትዮጵያ ዋንጫን በማንሳቱ ለኮንፌዴሬሽን ካፕ ያለፈው ድቻ መጀመሪያ የዛንዚባሩን ዚማሞቶ አስወጣ፣ ቀጥሎ አምስት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነው ዛማሌክ ደረሰው። ሀዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ፣ ካይሮ ላይ በዚያው ውጤት ተሸነፈ፣ በመለያ ምት ግን ዛማሌክን ጣለው። ሁለተኛው ጅማ አባ ጅፋር ነው። ባደገበት ዓመት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ በላ። ሁሉም ስለ ኳሱ አወራ፣ እኛም ጻፍን። የሁለቱ ክለቦች ስም ከአንድ መቶ ሃያ ዓመት በፊት በአንድ ጦር ሜዳ፣ በተቃራኒ ወገን ተሰልፈው የነበሩ የሁለት ነገሥታት ስም መሆኑን ግን ልብ ያለው ብዙ አልነበረም። የጅማው አባ ጅፋር በወላይታው ጦና ላይ ዘምተዋል።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንነሳ።

በወላይትኛ ንጉሥ «ካዎ» ይባላል። ካዎ ጦና የወላይታ የመጨረሻው ካዎ ናቸው። አባታቸው ካዎ ጎቤ ሲሆኑ የተገኙትም የትግሬ ሥርወ መንግሥት ከሚባለው የነገሥታት ቤት ነው። ስሙ የሚያስገርመው ሰው ይኖራል። በወላይታ ትውፊት የዚህ ቤት መሥራቾች ጥንት ከሰሜን፣ ከትግራይ የመጡ ናቸው ይባላል፤ «ትግሬ» እስከ ዛሬም በወላይታ ከሚታወቁት ጎሳዎች የአንዱ መጠሪያ ነው። ከእነርሱ በፊት ደግሞ የወላይታ ማላ የሚባለው ቤት ነግሦ ነበር፤ በገድለ ተክለ ሃይማኖት የዳሞት ንጉሥ ሆነው የሚነሱት ሞቶሎሚ የዚያ ዘመን ሰው ተደርገው ይቆጠራሉ። ሶዶን ከላይ ሆኖ የሚያያት ዳሞታ ተራራም ስሙ ይህንኑ ያስታውሳል። ስለዚህ ጦና የተቀመጡበት ዙፋን ትናንት የተሠራ አልነበረም።

መቀመጫቸው ዳልቦ ነበር፣ ዛሬ ሶዶ ከተማ ካለችበት ብዙም ሳይርቅ በስተሰሜን። ሶዶ ራሷ ያን ጊዜ የለችም፤ የተቆረቆረችው ከእርሳቸው ውድቀት በኋላ ነው። ግዛታቸው በምሥራቅ ብላቴ፣ በምዕራብ ኦሞ፣ በደቡብ የአባያ ሐይቅ የሚያዋስኑት፣ ሕዝቡ ጥቅጥቅ ብሎ የሚኖርበት፣ በቆሎውም እንሰቱም ከብቱም የሞላ አገር ነበር። ትልቅ ጉዳይ ሲመጣ ሕዝቡ ዱቡሻ በሚባለው አደባባይ ይሰበሰባል። ጦርነት ሲመጣ ፈረሰኛው ይወጣል። ጠላት በሚገባበት በኩል ጥልቅ ቦይ ይቆፈራል፣ ካብ ይካባል፤ ከጦና በፊት የነገሡት ካዎ አማዶ አሠሩት የሚባለው የድንጋይ ካብ ቅሪቱ ዛሬም ይታያል። በእኛ ቋንቋ የተከላካይ መስመሩ ከአማካዩ የጠነከረ ቡድን በሉት።

ጦናን መልአክ አድርጎ ማቅረብም ልክ አይሆንም። በዚያ ዘመን ወላይታም እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ይወርር ነበር፣ ባሪያም ነበረው። የባሪያ ንግዱ ከጅማ ገበያ ጀምሮ ደቡቡን ሁሉ ያዳረሰ ነበር፤ በጊዜው ከነበሩት ነገሥታት እጁ ንጹህ የነበረ አንድም አላውቅም። ይህን ያነሳሁት ደጋፊዎችን ለማስቀየም አይደለም፤ የሚቀጥለው ታሪክ የደግና የክፉ ጨዋታ ተደርጎ እንዳይነበብ ነው።

ጦና ሲነግሡ አካባቢያቸው ተለውጦ ነበር። አፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የጀመሩት ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የመስፋፋት ዘመቻ አንዱን ግዛት ከአንዱ እያስከተለ መጥቷል። እያንዳንዱ ንጉሥ ምርጫ ቀርቦለታል። ግብር እየገበረ በዙፋኑ ይቆያል፣ ወይም ይዋጋል። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ የመጀመሪያውን መረጡ። ቶሎ ገበሩ፣ ግብሩን በዓመቱ አደረሱ፣ ምኒልክ ሲዘምቱም ጦራቸውን ይዘው ተከተሉ። በዚህም ጅማ ሳትቃጠል ቀረች፣ እርሳቸውም ንግሥናቸውን እንደያዙ አረጁ። የወለጋው ኩምሳ ሞረዳም አባታቸው የገቡበትን ስምምነት አጽንተው፣ ክርስትና ተነስተው፣ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተብለው በአገራቸው ላይ ቆዩ። ፈሪ ልንላቸው አይገባም። ሕዝባቸውን ከእሳት አትርፈዋል።

ጦና ግን እምቢ አሉ። ግብሩንም እምቢ፣ መላላኩንም እምቢ። እምቢታውም ባዶ ፉከራ አልነበረም፤ በአባታቸውም በእርሳቸውም ዘመን ወደ ወላይታ የተላኩ ዘመቻዎች በሜዳቸው ተመክተው ተመልሰዋል። በሜዳው ተሸንፎ የማያውቅ ቡድን ደግሞ ሁልጊዜ አሸንፋለሁ ብሎ ያስባል። እኔ እንደሚመስለኝ የጦና ስህተት፣ ስህተት ከተባለ፣ እዚህ ላይ ነው። የሚመጣው ቡድን ያው የቀድሞው መሰላቸው።

ያው ግን አልነበረም። ከ1880 እስከ 1885 ዓ.ም. ድረስ ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ አገሩን ፈጅቶታል። ከውጭ የገባ የከብት በሽታ የሰሜኑንና የመሀሉን አገር የቀንድ ከብት ጠራርጎ ጨርሶታል፤ በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ አቅቶታል፣ ወታደሩም ስንቅ አጥቷል። በአንጻሩ ወላይታ ከብቱ በመስኩ፣ እህሉ በጎተራው ነበር። ከዚያም ሌላ ጣሊያን ኤርትራን ይዞ ወደ መሀል አገር እያየ ነው፤ ምኒልክም የውጫሌን ውል አፍርሰዋል። ጦርነት እንደሚመጣ ያውቃሉ። ጦርነት ደግሞ ስንቅ ይፈልጋል፣ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ከጀርባ ያልገበረ አገር አለመኖሩን ይፈልጋል። እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሀል ወላይታ ሀብታም፣ ቅርብና እምቢተኛ ሆና ተገኘች።

በኅዳር 1887 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ በሌላ ሰው አልላኩም፤ ራሳቸው ዘመቱ። የተከተሏቸው ስሞች ለታሪክ ወዳጅ አዲስ አይደሉም። የወሎው ራስ ሚካኤል፣ ፊታውራሪ ገበየሁ፣ ሊቀ መኳስ አባተ፣ ከጅማ በኩል ደግሞ አባ ጅፋር። አብዛኞቹን ከአንድ ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ አድዋ ላይ እናገኛቸዋለን። ፊታውራሪ ገበየሁ እዚያው አድዋ ወደቁ። በአድዋ የምንኮራባቸው ሰዎች የወላይታ ዘመቻም ሰዎች ናቸው። ይህን ሳይጠቅሱ የጦናን ታሪክ መጻፍ አይቻልም፣ ጠቅሶ ማለፍም ቀላል አይደለም። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ግን የግድ ነው።

የመሣሪያው ልዩነት ሰፊ ነበር። የምኒልክ ጦር ሬሚንግተንና ሌላ የአውሮፓ ጠመንጃ በብዛት ታጥቋል። ወላይታ በብዛት የያዘው ጦርና ጋሻ ነው። ቦዩ ፈረስ ያቆማል፤ ጥይት ግን አያቆምም። የወላይታ ተዋጊ ቤቱ ድረስ ሲመጡበት ከእንሰቱና ከሣሩ ውስጥ እየወጣ በጦር ተዋጋ፣ ከዘማቹም ብዙ ጣለ፤ ዘማቹም በበኩሉ እልህ ይዞት ቤቱን አቃጠለ፣ ያገኘውን ገደለ፣ ሴትና ሕፃን ማረከ። ከዘመቻው ጋር አብሮ የሄደ ቫንደርሄም የሚባል ፈረንሳዊ ያየውን በመጽሐፍ ጽፏል። ለጦርነቱ ሁለት ወገኖች ለአንዱም ዘመድ ያልነበረው ይህ ሰው ያየውን እልቂት አሰቃቂ አድርጎ ነው የተወው። ለንጉሠ ነገሥቱ የደረሰውን የምርኮ ድርሻም 18,000 ከብትና 1,800 ባሪያ ብሎ አስፍሯል። የሞተው የወላይታ ሰው በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ነበር። ዘመቻውን የምኒልክ ታሪክ ጸሐፊ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም መዝግበውታል። ስለዚህ የቂም ወሬ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ የቤተ መንግሥቱ መጽሐፍ ራሱ አለበት።

እስካሁን በኳስ ቋንቋ ስመስል ቆይቻለሁ። እዚህ ላይ አቁሜያለሁ። ይህ ጨዋታ አልነበረም።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ። የንጉሡ መያዝ ሲሰማ ውጊያው በረደ። ምኒልክ ሕዝቡን ማሩ፣ ከዚያ ወዲያ መግደል ይቁም ብለውም አዋጅ አስነገሩ። ጦናን ይዘው በጥር አዲስ አበባ ገቡ። ክርስትና መነሳታቸው ይነገራል። ወደ ዳልቦ ዙፋን ግን አልተመለሱም፤ ከእርሳቸው በኋላም በወላይታ ካዎ ተብሎ የነገሠ የለም። ከእርሳቸው ሦስት ዓመት ዘግይተው የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በተመሳሳይ እምቢታ ተይዘው ወደ አዲስ አበባ መጡ። የጦና ነገር የመጨረሻው እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ያለው የወላይታ ታሪክ የብዙ ደቡብ ሕዝቦች ታሪክ ነው። ሶዶ የወታደር ሰፈር ሆና ተቆረቆረች። መሬቱ ለዘማቹና ለሹሙ ተሸነሸነ፤ የመሬቱ ባለቤት የነበረው ሰው በገዛ ማሳው ላይ ገባር ሆነ። በመንግሥት ወረቀት ላይ የሕዝቡ ስም እንኳ ተለወጠ። ሕዝቡ ራሱን ወላይታ እያለ ወረቀቱ «ወላሞ» እያለ እስከ አብዮቱ ድረስ ተዘለቀ። በ1967 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ሲታወጅ በወላይታ የነበረው ደስታ የተለየ የሆነበት ምክንያትም ይኸው ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጦና የሚኖሩት በአፍ ነበር። በእሳት ዳር፣ በለቅሶ ቤት፣ በጊፋታ ሰሞን የዘር ሐረግ ሲቆጠር። መንገድ አልተሰየመላቸውም፣ በመማሪያ መጽሐፍም ቢነሱ ዘመቻውን በሚያወሳው ገጽ በአንድ መስመር ነበር።

ስሙ ወደ አደባባይ የተመለሰው ቀስ እያለ ነው። በ1992 ዓ.ም. ወጋጎዳ የሚባል የአራት ሕዝቦች ቅልቅል ቋንቋ መማሪያ ይሁን ሲባል ሶዶ ላይ ተማሪውና ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1993 ዓ.ም.፣ ወላይታ ለብቻው ዞን ሆነ። ኳሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ድቻ በ2001 ዓ.ም. ተመሠረተ። ድቻ ማለት በወላይትኛ እድገት እንደማለት ነው፤ ክለቡም እንደ ስሙ ቶሎ አደገና በ2006 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ተገኘ። ደጋፊው ደግሞ ራሱን የጦና ንቦች ብሎ ሰየመ።

ለምን ንብ? የሚሰጠው ምክንያት እንደ ሰውየው ነው። አንዱ ንብ ታታሪ ናት ይላችኋል፣ ሌላው በአንድ ላይ ትወጣለች ይላችኋል። እኔ ግን ከጦና ታሪክ ጋር ሳያይዘው የሚታየኝ ሌላ ነው። ንብ ቀፎዋ ካልተነካ ማንንም አትፈልግም። ከተነካ ግን ትናደፋለች፣ ሰውን ስትናደፍም ራሷ ትሞታለች። ስሙን ያወጡት ልጆች ይህን አስበውት ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው።

በ2010 መጋቢት ወር ድቻ ከካይሮ ሲመለስ የነበረው ሆታ በዚህ ዓይን ሲታይ ከኳስ ትንሽ ሰፋ ይላል። ያ ቡድን የወጣው ኢትዮጵያን ወክሎ ነው። ባንዲራዋን ይዞ፣ ከአዲስ አበባ እስከ መቀሌ በቴሌቪዥን እየታየ። አገሩ ሁሉ፣ የምኒልክ ሐውልት ካለበት ከአራዳ ጊዮርጊስ ሰፈር ያደገው የፈረሰኞቹ ደጋፊ ጭምር፣ ለጦና ንቦች አጨበጨበ። በዚያው ሰሞን ስታዲየሞቻችን በብሔር ጭቅጭቅ የታመሱ፣ ክለቦች በገለልተኛ ሜዳ ካልሆነ አንጫወትም የሚባባሉበት ጊዜ ነበር። የጦና ስም በዚያ ጊዜ ድንጋይ መወርወሪያ ሊሆን ይችል ነበር። ለጥቂት ቀን ግን የሁሉም ስም ሆነ። ቀጥሎ ያንግ አፍሪካንስ መጣ፤ ዳሬሰላም ላይ 2 ለ 0 ተሸንፎ ሀዋሳ ላይ 1 ለ 0 ቢያሸንፍም አልበቃውም፣ ድቻ እዚያው ቆመ።

ጅማ አባ ጅፋር ያንን ዋንጫ ካነሳ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ከሊጉ ወረደ። ሁለቱ ነገሥታት በአንድ ሠንጠረዥ ላይ የሚገናኙበት ጨዋታም አብሮ ቀረ። የዋንጫውን ዓመት የሚያስታውስ ሁሉ ጅማን መልሶ ማየት ይፈልጋል፤ ወላይታ ውስጥም እንዲህ የሚል ደጋፊ አጋጥሞኛል። ምክንያቱን ስጠይቀው የነገረኝ ስለ ነገሥታቱ አልነበረም። ሶዶ ላይ የጅማ ጨዋታ ሲኖር ስታዲየሙ ጢም ብሎ ይሞላ ነበር፣ ከበዴሳም አይሱዙ ሙሉ ሰው ይመጣ ነበር አለኝ።